ለጃራ የሚሆን ስልክ

የነቀምቴ ስልክ ቤት ኃላፊ አቶ ተረፋ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ከግንቦት አንድ ቀን ጀምሮ ከተማችን በአውቶማቲክ ስልክ ትነጋገራለች» ባለ ጊዜ ሁሉም አጨበጨበ። ሐረግወይንም አጨበጨበች። ማጨብጨብ ያኔ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ ለመግለጫ ይጨበጨባል፣ ለዘመቻ ይጨበጨባል፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀጠሮ ሳይቀር ይጨበጨባል። እጇ እያጨበጨበ እሷ ግን ከሚያዝያ የቀሩትን ቀናት ትቆጥር ነበር። አስራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ነው። እስከዚያ ድረስ በነቀምቴ ስልክ ያለው ሰው የስልኩን እጀታ ያሽከረክራል፤ ስልክ ቤት ባለው ትልቁ ማዞሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን ጠብ ትላለች፤ ሐረግወይን ገመዱን ሰክታ «ነቀምቴ» ትላለች። ቁጥር የሚጠራ የለም። «አዴ ሐረግወይን፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ? እስቲ መድኃኒት ቤቱን» ይላል አንዱ። «እህቴ፣ ያንን ወፍጮ ቤት» ይላል ሌላው። «ወንድሜን ስጪኝ» ብሎ የራሱንም የወንድሙንም ስም የማይናገር አለ፤ እሱንም ታውቀዋለች፣ ወንድሙን ትሰጠዋለች። ደንበኞቹ ሁለት መቶ ቢሆኑ ነው፤ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሁለት መቶውም ጣጣ በጆሮዋ አልፏል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ የትኛው ሹም ለየትኛው ሹም ሙክት እንደላከ ታውቃለች። አንድም ቀን አውጥታ ተናግራ አታውቅም።

ታዲያ ሰውን የምታውቀው በድምፁ ብቻ ነው፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። ጠዋት ማዞሪያው ፊት ትቀመጣለች፣ ማታ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤቷ ትገባለች። ገበያ ከወጣች ሦስት ዓመት አልፏታል። ሳሙናና ጨው ከደጇ ካለችው ጉሊት ትገዛለች፤ ሰላምታ የሚሰጣትን ሰው በአንገቷ ሰላም ብላ ታልፋለች።

ሦስት ዓመት የሆነው በጃራ ምክንያት ነው። ጃራ አንድ ልጇ ነው። አባቱ ጉሉማ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ዴዴሳ ድልድይ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞተና ልጁን ብቻዋን አሳደገችው። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወጣ ጃራ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጠዋት ልመዝገብ ብሎ ወጣ፤ አልተመዘገበም፣ አልተመለሰም። ቀበሌው በሱ ፋንታ እናቱን አስገባ። ዘጠኝ ቀን አቆዩዋት። እዚያ የደረሰባትን ለማንም አላወራችም፤ እኔም አላወራውም። ስትወጣ «የልጄ መኖሪያ እንደታወቀኝ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አሳውቃለሁ» የሚል ወረቀት ፈርማ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገሯ ደነዘዘ። ሲቀመጡበት የዋሉት እግር እንደሚደነዝዘው ነው፤ እግሩ አለ፣ ይራመዳል፣ የራስ ግን አይመስልም። ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች። አላለቀሰችም። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ «ጠንካራ ሴት» አሏት፤ በኋላ «ልበ ደረቅ» አሏት፤ በመጨረሻ ተዉአት።

ጃራ በጠፋ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአዲስ አበባዋ ስልከኛ «ነቀምቴ፣ ወልደሩፋኤል ቤት ይፈለጋል፤ ደዋዩ መስመር ላይ ነው» አለቻት። ወልደሩፋኤል የሐረግወይን አባት ስም ነው። ሰውዬው በሕይወቱ ስልክ ነክቶ አያውቅም፤ ከሞተም ሃያ ዓመት አልፎታል። እሷ ገና አፏን ሳትከፍት ከወዲያ ጫፍ የጎረምሳ ድምፅ መጣ።

«ወልደሩፋኤል አሉ ወይ?»

«የሉም» አለች።

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«እንግዲህ በሌላ ጊዜ ልሞክራ?»

«ይሞክሩ» አለችና ገመዱን ነቀለች። ልጇ ነበር። ድምፁ ወፈር ብሏል እንጂ ራሱ ነው።

ይቺ ነገር በሁለት ወር አንዴ፣ አንዳንዴም በሦስት ወር አንዴ ትደጋገም ነበር። የተፈለገው ሰው ካልተገኘ የደዋዩ ስም አይመዘገብም፤ ስለዚህ የሚጠይቅ የለም። የአዲስ አበባዋ ስልከኛ እየሰማች ስለሆነ ከዚያ በላይ መናገርም አይቻልም። ከየት እንደሚደውል አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ሞቃት አገር ይሆናል ብላ ገምታለች፤ አንድ ሁለቴ ከጀርባው ትራክተር ሰምታለች። ገምታም ግምቷን ተወችው፤ የማታውቀውን ማንም አያወጣጣትም። የልጇ በሕይወት መኖር ለሷ ያች አምስት ስድስት ቃል ነበረች፤ ሌላ ምንም አልነበራትም።

አሁን አውቶማቲኩ ሲመጣ ማዞሪያው ይነሳል። አዲስ አበባ በቀጥታ የሚፈለገውን ሰው ቁጥር ትመታና ከመስመሩ ትወጣለች፤ ሐረግወይን መሃል ላይ የለችም። ጃራ ወልደሩፋኤልን ቢፈልግ «በዚህ ስም ቁጥር የለም» ተብሎ ይመለሳል። አንዴ ይመለሳል፣ ሁለቴ ይመለሳል፣ ከዚያ «እናቴ ሞታለች» ይላል፣ ወይም «አስረዋታል» ብሎ ተነስቶ ይመጣል። ለራሷ ስልክ እንዳታስገባ ማመልከቻው የቀበሌ ማህተም ይፈልጋል፤ ልጇ የጠፋባት ሴት ስልክ ለምን ፈለገች ይላሉ፣ ቢሉም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከሁለት መቶው ደንበኛ አንዱን መምረጥ ነበረባት። ጃራ የሚደውልበት፣ አፉን የሚዘጋ፣ አንድ ሰው።

መምረጥ ጀመረች። የመምረጫ መሣሪያዋ ጆሮዋ ነው፤ ሌላም የላት። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ገብረኪዳንን አሰበች። ደግ ሰው ነው፤ ግን ዛሬ ማን ምን መድኃኒት እንደገዛ ለአማቹ ሳይነግር አይተኛም። የቡና ነጋዴውን ደረሳን አሰበች። ቁም ነገረኛ ነው፤ ስልኩን የምታነሳው ግን ሚስቱ ናት፣ የሚስቱ ነገር ደግሞ ይቅር። የወፍጮ ቤቷን የሻሽወርቅን አሰበች። አንጀቷ ቶሎ ይባባል፤ ሰው ሲያዝን አብራ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ያገኛት ሁሉ «ምነው?» ይላታል፣ እሷም ትናገራለች።

ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የታያት ባለሱቁ መሸሻ ነው። መሸሻ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ማክሰኞና ዓርብ መርካቶ ይደውላል። «ሳሙና አምስት ካርቶን። ኩራዝ ሁለት ደርዘን። ደህና ዋል» ይላል፤ በቃ። ሌላው ደዋይ የአየሩን፣ የመንገዱን፣ የባለቤቱን ጤና ሳያነሳ አይዘጋም፤ መሸሻ ግን እንዲህ ነው። አንዴ ከመርካቶ ደውለው «ወንድምህ ትንሽ አሞታል፤ ቶሎ ና» አሉት። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መሸሻ «እሺ» አለና ዘጋ። ሐረግወይን ያን ቀን «ይሄ ሰው ምራቁን የዋጠ ነው» አለች በልቧ። ለጃራ የሚሆነው ስልክ የመሸሻ ስልክ ነው ብላ ቆረጠች።

ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ በሦስት ዓመቷ ገበያ ወረደች። ሱቁ ባዶ ነበር። አዲሱ ጥቁር ስልክ ባንኮኒው ላይ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ ገና አልተለቀቀም። ከጀርባው አንድ አጭር፣ ሆዱ ቀደም ያለ ሰው ቆሟል። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ መሸሻ» ስትለው እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ይቺ ድምፅ! ነቀምቴ! አንቺ ነሽ?» ብሎ ዞሮ መጣና እጇን ያዘ። ጨው ማዳበሪያ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጣት፤ ለስላሳ ከፈተላት። ከዚያ ማውራት ጀመረ። የሞተውን ወንድሙን አወራ፣ የኩላሊቱን ጠጠር አወራ፣ የጎረቤቱን ፍቺ አወራ፣ ስለ ፍቺው ጎረቤቱ የማያውቀውን ጨምሮ አወራ። ሐረግወይን ለስላሳዋን ይዛ እስኪጨርስ ጠበቀች። ሲጨርስ የመጣችበትን ነገረችው። ልጇ በሕይወት እንዳለ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ስትናገረው የሰው ወሬ የምታደርስ መሰላት።

መሸሻ አለቀሰ። ያለ ማስመሰል፣ እንባው ጺሙ ላይ እስኪወርድ። «ልጅሽ ልጄ ነው» አላት። «እመብርሃንን! ከዚች ሱቅ አይወጣም። እኔ መልእክቱን ተቀብዬ ላንቺ ነው፣ ላንቺ ብቻ።» ከዚያ አይኑን ጠርጎ ሳቀ። «ይገርምሻል እኮ። እኔ ለፍላፊ ነኝ፤ ሸዋጌጥ፣ ባለቤቴ፣ ሬዲዮ ነው የምትለኝ። በስልክ ግን ዝም! ለምን በይኝ? አንቺ ትሰሚያለሽ ብዬ ነዋ! አንቺን ፈርቼ ነው አስራ ስድስት ዓመት አፌን ይዤ የኖርኩት። ከነገ ወዲያ ግን በመርካቶ መስመር እንደ ልቤ ነኝ!»

እዚህ ላይ መደንገጥ ነበረባት። ሌላ ሴት ብትሆን ለስላሳዋን አስቀምጣ ነገሩን እንደገና ታሰላው ነበር። ነገሩማ ገብቷታል። ሁለት መቶውን ሰው የመዘነችው እሷ እየሰማችው በሚናገረው ነው፤ ሳትሰማው ምን እንደሚናገር የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ይሄ ሁሉ ገባት፤ አልደነገጠችም። የምትደነግጥበት ቦታ ከደነዘዘ ሦስት ዓመቱ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ መሸሻ» አለችና ቁጥሩን በቃሏ ይዛ ወጣች።

በማግስቱ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ቴክኒሺያኖቹ ጉጠታቸውን ይዘው ማዞሪያው አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጃራ በመጨረሻ የደወለው በየካቲት ነው፤ ጊዜው ደርሷል፣ ግን ደርሷል ማለት ይደውላል ማለት አይደለም። ሰባት ሰዓት አለፈ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ደንበኞች ለመሰናበት እየደወሉ «አዴ ሐረግወይን፣ ከእንግዲህ ያላንቺ ፈቃድ ልናወራ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም «ይቅናችሁ» ትላቸዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ ጠራች።

«ነቀምቴ፣ ወልደሩፋኤል ቤት።»

«ወልደሩፋኤል አሉ ወይ?» አለ ጃራ።

«ስልክ አላስገቡም። ከነገ ጀምሮ ግን በመሸሻ ሱቅ በኩል ይገኛሉ። ቁጥሩ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ነው።»

«ሦስት መቶ አርባ ሁለት» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎስ? አይኖሩም?»

«ማዞሪያው ይነሳል። አውቶማቲክ ገብቶልናል።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ነቀምቴ!» አለች የአዲስ አበባዋ ስልከኛ ከመሃል፤ እውነትም ደስ ብሏት ነው። መስመሩ ተዘጋ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቴክኒሺያኖቹ ገመዶቹን ቆረጡ፤ አራት ሰዎች ማዞሪያውን ተሸክመው ወደ ጓሮ መጋዘን ወሰዱት።

ሐረግወይንን የቅሬታ መስኮት ላይ አስቀመጧት። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ከተማው ሁሉ ቅሬታ ነበር። ስልኩን አንስቶ «አዴ ሐረግወይን፣ ወፍጮ ቤቱን» ብሎ ጮኾ ጮኾ መልስ ያጣ ሰው በእግሩ ይመጣና በመስኮቷ «ወፍጮ ቤቱን ስጪኝ እንጂ!» ይላታል። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት እየጻፈች ትሰጣለች። እሷ ያልጻፈችው፣ ግን ቀን ከሌት የምታስበው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ማሰብ ካሉት ማለቴ ነው፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጧል፣ በቃ።

በሰኔ አጋማሽ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው መስኮቷ ፊት ተሰልፎ ሳለ ከመንገዱ ጩኸት ተሰማ። መሸሻ ነው። የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በጭቃው ውስጥ፣ ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ቀርቶ ይሮጣል። «አዴ ሐረግወይን! ልጅሽ! ጃራ! በሕይወት አለ፤ ሱቄ ስልክ ላይ ነው፤ አልዘጋሁትም፣ ነይ!» ተሰላፊው እልል አለ። ሰውዬው ከሱቁ እስከ ስልክ ቤት ድረስ፣ ገበያውን ሁሉ አቋርጦ፣ ይሄን እየተናገረ ነው የመጣው።

አልሮጠችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። መሸሻ እጇን ይዞ እየጎተተ፣ ቅቤ ሻጮቹና ቃሪያ ሻጮቹ «ባጋ ገመዴ! ባጋ ገመዴ!»፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ እያሉ ከኋላ ተከተሏቸው። ሱቁ ስትደርስ ውስጡም ሰው ሞልቷል። ከሁሉ ፊት፣ ባንኮኒው ጥግ ላይ፣ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ የመጣው ጨመዳ ቆሟል። ጨመዳ የቀበሌው ጥበቃ ነው፤ ያችን ወረቀት ስትፈርም ብዕሩን ያቀበላት እሱ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። በዚያን ጊዜ ክፉ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ የሰሙትን ማሳወቅ ብቻ ይበቃል።

ስልኩ በሳሙናና በሚዛኑ መሃል ተጋድሟል። አነሳችው።

«እማዬ?» አለ ጃራ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄን ቃል አልሰማችም። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ? አሁን መሃል ላይ የሚሰማን የለም አይደል? ኧረ ድምፅሽ ናፈቀኝ። ሰውነትሽ ደህና ነው? ትበያለሽ?»

«እበላለሁ» አለች።

«የት ነው ያለው? ጠይቂው እንጂ!» አለ መሸሻ በደስታ እየዘለለ። «ኤሳ ጂራ? ኤሳ ጂራ?» አሉ ሴቶቹ፤ የት ነው፣ የት ነው። ሁሉም ለሷ ደስ ብሏቸው ነው የሚጠይቁት። ጨመዳ ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዎ፣ አዴ። የት እንዳለ ይንገርሽ» አለ።

ጃራ በስልኩ ውስጥ የሰዉን ደስታ ሰማ መሰለኝ ሳቀ። «ሰዎቹ እነማን ናቸው? የሰፈር ሰዎች ናቸው? በያቸው፣ ደህና ነኝ። እማዬ፣ እኔ ያለሁት—»

በጣቷ የስልኩን መዝጊያ ተጫነችው። መስመሩ እዝ አለ።

«ምነው?» አለ መሸሻ።

«ተቋረጠ።»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ! አውቶማቲክ እኮ ነው፤ መልሶ ይደውላል!» አለና ሰዉን ዝም አሰኘ። ሁሉም ስልኩን ከብቦ ቆመ። ከቆርቆሮው ላይ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ስልኩ ጮኸ። መሸሻ ሳይቀድማት አነሳችው።

«እማዬ፣ ተቋርጦ ነው—»

«የት እንዳለህ አትንገረኝ» አለች ጮክ ብላ፣ ሁሉም እየሰማት። «እዚህ ሁለተኛ አትደውል። የትም አትደውል። ሰማኸኝ?»

«እማዬ...»

ዘጋችው። ወዲያው ስልኩ እንደገና ጮኸ። መሸሻ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ሐረግወይን በሁለት መዳፏ ላዩ ላይ ተኛችበት።

«አይንኩት፣ ጋሼ መሸሻ።»

ስልኩ ከመዳፏ ስር ይጮኻል፤ ጩኸቱ እስከ ክርኗ ይነዝራታል። ያ ሦስት ዓመት የደነዘዘ ገላዋ አሁን ነቃ። ዘጠኙ ቀን አመማት፤ ጃራ ጠዋት የወጣበት በር አመማት፤ ያላየችው የጎረምሳ ፊቱ አመማት። አንስታ «ልጄ» ልትለው ፈለገች፤ በሕይወቷ እንደዚያ የፈለገችው ነገር የለም። አላነሳችም። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አቆመ።

ከዚያ ግንባሯን ስልኩ ላይ ደፍታ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ አለቀሰች። መሸሻ «እኔ ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ?» እያለ ሰዉን አንድ በአንድ ወደ ዝናቡ አስወጣ። ጨመዳ አልወጣም። እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።